ከነቀፋው ሥር ሌላ ነቀፋ፦ በፊላዴልፊያ የታከመ አንድ ሰው ጉዳይ

ታካሚው ሶፋ ላይ በጀርባው ተንጋሏል፤ ሐኪሙ ከራስጌው በኩል፣ ከዕይታው ውጭ ተቀምጧል። የሕክምናው ደንብ አጭር ነው፤ ወደ አእምሮ የመጣውን ሁሉ ሳይመርጡና ሳያለዝቡ መናገር። በዚያ ቀን ወደ ታካሚው አእምሮ የመጣው ቁጣ ነበር፤ ቁጣውም በሌላ በማንም ላይ ሳይሆን በሐኪሙ በራሱ ላይ። የነቀፋ ናዳ አወረደበት።

ሐኪሙ አሮን ቤክ ይባላል። በፊላዴልፊያ ከተማ በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበር፤ በዚያ ዘመን ገና በሳይኮአናሊሲስ፣ ማለትም የሕመምን ሥር ታካሚው ራሱ በማያውቀው የአእምሮው ጥልቅ በሚፈልገው ሕክምና፣ የሚያምንና በዚያው መንገድ የሚያክም። ነቀፋው ሲያባራ ቤክ ራሱን ለመከላከል አልሞከረም። አሁን ምን እየተሰማህ ነው ብሎ ብቻ ጠየቀ። ታካሚውም ከባድ የጥፋተኝነት ስሜት እንደተሰማው ነገረው።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ሊዘጋ ይችል ነበር፤ ቤክም ሊዘጋው ተቃርቦ ነበር። የተማረው ትምህርት መልሱን አዘጋጅቶለታል፦ ሰውዬው ተቆጣ፤ ቁጣው ኅሊናውን አስነሣበት፤ ስለዚህ ጥፋተኝነት ተሰማው። ከቁጣ ወደ ጸጸት በቀጥታ የሚያደርስ መንገድ ነው። ምንም የጎደለው አይመስልም።

ታካሚው ግን ሳይጠየቅ አንድ ነገር ጨመረ። ሐኪሙን በሚነቅፍበት በዚያው ቅጽበት ራሱንም ሲነቅፍ ነበር። አንደኛው ነቀፋ በአፉ ይወጣል፤ ሁለተኛው ድምፅ ሳያሰማ ከጎኑ ይሄዳል። ቤክ በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሰፈረው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የውስጡ ወሬ ይዘት በግርድፉ እንዲህ ነበር፦ የማይሆን ነገር ተናገርኩ፤ ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ እሱን መንቀፌ ስህተት ነው፤ መጥፎ ሰው ነኝ፤ ከእንግዲህ አይወደኝም፤ እንዲህ ክፉ ለመሆን ምንም ማመካኛ የለኝም።

ይህን ሰንሰለት ቀስ ብሎ ማንበብ ይጠቅማል። የመጀመሪያዎቹ ዐረፍተ ነገሮች ስለ አንድ ድርጊት ናቸው። የማይሆን ነገር መናገርና አለመናገር ሊጣራ የሚችል ጉዳይ ነው፤ ምናልባትም እውነት ነበረው። ከዚያ ሳይታወቅ ዝላይ ይመጣል፤ ከተናገረው ነገር ወደ ተናጋሪው ማንነት። የማይሆን ነገር ተናገርኩ የሚለው መጥፎ ሰው ነኝ ወደሚለው ተሻገረ፤ በመካከል አንድም ማስረጃ አልቀረበም። ቀጥሎ ወደ ሌላ ሰው ልብ ይዘልቃል፤ ከኋላው የተቀመጠው ሐኪም ፊት እንኳ አይታየውም፤ እንደማይወደው ግን እርግጠኛ ነው። መጨረሻ ላይ ይግባኝ እንዳይጠየቅ በሩ ይዘጋል፦ ማመካኛ የለኝም። ከሳሹም ምስክሩም ዳኛውም አንድ ሰው የሆነበት፣ ተከሳሹ እንዲናገር የማይፈቀድለት ችሎት ነው። ሁሉም ያለቀው ታካሚው በአፉ ስለ ሌላ ነገር እያወራ ሳለ ነው።

ቤክ ከአንድ የሐሳብ መስመር ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ የሐሳብ መስመር በግልጽ ያገኘው በዚህ ጉዳይ እንደሆነ ጽፏል። ያስገረመው ታካሚው ራሱን መንቀፉ አልነበረም፤ በድባቴ (ዲፕረሽን) የተያዘ ሰው ራሱን እንደሚወቅስ ማንም ያውቃል። ያስገረመው ቦታው ነው። ጸጸቱ የመጣው በቀጥታ ከቁጣው ሳይሆን በመካከል ከገቡት ዐረፍተ ነገሮች ነበር። በቁጣውና በጸጸቱ መካከል ያለው ክፍተት ባዶ አልነበረም፤ ቃላት የሞሉበት ነበር። እነዚያ ቃላት ደግሞ ለመስማት የጥልቅ ቁፋሮ ሥራ አላስፈለጋቸውም። ታካሚው ያውቃቸው ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም እንጂ።

ሁሉን ተናገር ተብሎ ሳለ ለምን አልተናገረም? መደበቁ አይደለም። እነዚህ ሐሳቦች አጫጭር ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንኳ አይሆኑም። ፈጣኖች ናቸው። ከሁሉም በላይ ለባለቤታቸው ሐሳብ መስለው አይታዩትም፤ እውነታው ራሱ መስለው ነው የሚታዩት። ሰው ግድግዳው ነጭ ነው ብሎ እንደ ምሥጢር አያወራም። ቤክ አውቶማቲክ ሐሳቦች አላቸው፤ ሳይጠሩ የሚመጡ፣ ሲመጡም ፈቃድ የማይጠይቁ ለማለት ነው።

አንድ ታካሚ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ቤክም ይህን ያውቅ ነበር። ስለዚህ ሌሎቹን መጠየቅ ጀመረ። ከእነርሱ አንዷ በየቀጠሮዋ ምክንያቱ ያልታወቀ ጭንቀት የሚይዛት ሴት ነበረች። የምታወራው ከበድ ስላለ ነገር ነበር፤ ስለ ወሲብ ሕይወቷ ግጭቶች። ትንሽ ታፍራለች እንጂ ሳትሸሽግ ትናገራለች። ለዘመኑ ሐኪም ማብራሪያው ቅርብ ነው፤ ወሬው ወሲብ ነው፤ ስለዚህ ጭንቀቱም ከወሲብ ነው። ቤክ ግን እየተናገረች ሳለ ስለ ንግግሯ የምታስበውን እንድታዳምጥ አደረጋት። የተገኘው ከወሲብ ጋር የማይገናኝ ሆነ። እኔ በደንብ እየገለጽኩ አይደለም፤ ሰልችቶታል፤ የምለው አልገባውም ይሆናል፤ ሞኝነት መስሎ ይታየዋል፤ ሊያሰናብተኝ ይፈልጋል፤ ይህን የመሰለ ነበር። በየሳምንቱ ሐኪም ፊት የምትጨነቀው ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ ራሷን እያረመች ስለነበር ነው። ስለ ምንም ነገር ብታወራ፣ ስለ አየር ጠባይም ቢሆን፣ ያው ጭንቀት ይመጣ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ሁለቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ሰውዬው ተቆጪ ነው፤ ሴትዮዋ ተጨናቂ ናት። የውስጣቸው ወሬ ግን በአንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛል፦ ይህ ሰው ስለ እኔ ምን ይላል? በእኛ አገር ላደገ ሰው ጥያቄው እንግዳ አይደለም፤ ይሉኝታን ከእናት ጡት ጋር የጠባ ሕዝብ ነን።

ቤክ ጆሮውን ለዚህ ነገር ያቀናው በከንቱ አልነበረም። በ1921 በፕሮቪደንስ፣ ሮድ አይላንድ ከሩሲያ ከተሰደዱ አይሁድ ወላጆች ተወለደ። እናቱ ከእሱ በፊት ሁለት ልጆች ቀብረው ነበር፤ በኀዘኑም ለረጅም ጊዜ በድባቴ ተይዘው ቆይተዋል። በልጅነቱ መጫወቻ ቦታ ላይ ወድቆ እጁን ተሰበረ፤ ስብራቱ አመርቅዞ ደሙ ተመረዘ፤ ሞት አፋፍ ደርሶ ተመለሰ። ከትምህርት ገበታ ርቆ በመቆየቱ አንደኛ ክፍልን ደገመ። ልጁ ከዚህ ያወጣው ድምዳሜ ታምሜ ነበር የሚል አልነበረም፤ ደደብ ነኝ የሚል ነበር። በኋላ በትጋት ተምሮ ከእኩዮቹ አልፎ ሄደ፤ በ1946 ከየል ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ።

ከዚያ ሕመም የተረፈው ሌላው ነገር የደምና የቀዶ ሕክምና ፍርሃት ነው። የሕክምና ተማሪ ሆኖ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገባ ራሱን ሊስት ይደርስ ነበር። በመኪና በዋሻ ውስጥ ሲያልፍም ደረቱ ይጨመደድበት፣ ትንፋሽ ያጥረው ነበር። የዋሻው ጉዳይ ለርእሳችን ቅርብ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ደረት መጨምደድ የሰውነት ነገር ነው፤ ሰው ሲፈራ የሚሆነው ይህ ነው። ቤክ በኋላ የተገነዘበው ግን ሰውነቱ ሲጨመደድ አእምሮው ታፍኛለሁ ብሎ እንደሚተረጉመው ነው። ትርጉሙ ፍርሃቱን ያባብሳል፤ ፍርሃቱ ደረቱን ይብስ ይጨመድዳል፤ ደረቱም ለትርጉሙ ምስክር ይሆናል። ትርጉሙን እንደ ትርጉም ማየት ሲችል ፍርሃቱ ለቀቀው። አየር ሳብ አድርግ፣ ዘና በል የሚል ምክር ለዚያ ሰው ዋሻው መሐል ምን ያህል ይጠቅመው ነበር? እየታፈነ እንደሆነ ለሚያምን ሰው ዘና በል ማለት ቀልድ ነው።

ወደ ፊላዴልፊያው ታካሚ ስንመለስ፣ ቤክን ከተማረበት ከሳይኮአናሊሲስ ቤት ያስወጣው ይህ ጉዳይ ብቻውን አይደለም። ከሳይኮአናሊሲስ መሥራች ከፍሮይድ የወረሰው ትምህርት ድባቴ ወደ ውስጥ የዞረ ቁጣ ነው ይላል፤ ታካሚው ሳያውቀው መሠቃየት ይፈልጋል ማለት ነው። ቤክ ይህን በሳይንስ ለማረጋገጥ የድባቴ ታካሚዎችን ሕልም ሰበሰበ። የጠበቀው ቁጣ ነበር፤ ያገኘው ግን ሽንፈት፣ ማጣትና መገፋት ሆነ። በሕልማቸው ዘግይተው ይደርሳሉ፤ የፈለጉትን ያጣሉ፤ ይባረራሉ። በሌሎች ሙከራዎች ደግሞ የድባቴ ታካሚዎች ሥራ ተሰጥቷቸው ሲሳካላቸው መንፈሳቸው ይነቃል። መሠቃየት የሚፈልግ ሰው በስኬት ለምን ይነቃል? መልሱ ቀላል ሆነ፤ መሠቃየት አይፈልጉም፤ ራሳቸውን የሚያዩት እንደ ተሸናፊ ስለሆነ ሕልማቸውም ያንኑ ያሳያል።

ቤክ ይህን በ1963ና በ1964 በሁለት ጽሑፎች አወጣው። ከዚያ ቀደም በ1961 የድባቴን ክብደት የሚለካ፣ 21 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አዘጋጅቶ ነበር፤ እስከ ዛሬ በብዙ ቋንቋ ይሠራበታል። የሙያ ባልደረቦቹ ግን በደስታ አልተቀበሉትም። የነፍስን ጥልቅ ትቶ ከላይ የሚንሳፈፈውን ይለቅማል የሚል ነበር ወቀሳቸው። እኔ በዚህ ወቀሳ ብዙም አልስማማም፤ ሰው የሚሰቃየው ከላይ ባለው ነውና።

በሕክምናው ክፍል ውስጥ የተለወጠው ነገር ሲታይ ትንሽ ነው። ታካሚው ከሶፋው ተነሥቶ ወንበር ላይ ከሐኪሙ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሐኪሙ ዝም ብሎ ከመስማት ጠያቂ ሆነ። ፊት ሲለወጥ፣ ድምፅ ሲሰበር፣ እንባ ሲቀርር ያን ጊዜ ንግግሩን አቁሞ አሁን በአእምሮህ ምን አለፈ ይላል። ሳምንት ሙሉ ምን አሰብክ ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ የሚገኘው መልስ ተጣርቶና ተለዝቦ የመጣ ነው። ትኩሱን መያዝ ያስፈልጋል። ለቤትም ወረቀት ይሰጣል። በአንዱ ዓምድ የሆነው ነገር፣ በሌላው የተሰማው ስሜት፣ በሦስተኛው በዚያች ቅጽበት ያለፈው ሐሳብ በራሱ ቃል ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ነው ለሐሳቡ መልስ የሚፈለገው።

በራሱ ቃል የሚለው ላይ ልቆም እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ወረቀቱ ላይ በራስ መተማመን አነሰኝ ብሎ የጻፈ ሰው ምንም አልያዘም፤ ያ የሐሳቡ ማጠቃለያ እንጂ ሐሳቡ አይደለም። የሐሳቡ ቃል አለቃዬ ሰላም ሳይለኝ አለፈ፣ ሊያባርረኝ ነው የሚል ሊሆን ይችላል። ማጠቃለያውን ማንም ሊሞግተው አይችልም። ይህኛውን ግን ይቻላል፤ አለቃው ሌሎቹንስ ሰላም አለ? ስልክ ላይ አልነበረም? ባለፈው ወር እንዲህ ሲያልፍ ምን ሆነ? የፊላዴልፊያው ታካሚም ጥፋተኝነት ተሰማኝ ብሎ ቢያበቃ ኖሮ ቤክ የሚይዘው ነገር አልነበረውም።

አሁን ሐሳቡን ወደ መልቀቅ እንምጣ፤ ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ወደዚህ ነውና። ክፉ ሐሳብ ሲመጣ አባርረው፣ በበጎ ተካው፣ ዘና በል የሚሉ ምክሮች በየቦታው ተለጥፈዋል። ሦስቱም የተፈተኑ ናቸው፤ ውጤታቸውም ምክሩን የሚሰጡትን የሚያኮራ አይደለም።

ማባረርን እንውሰድ። በ1987 ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ በሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ ተማሪዎችን ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ አዘዟቸው፤ ድቡ በመጣባቸው ቁጥር ደወል እንዲደውሉ። ደወሉ ደጋግሞ ጮኸ። ቆይቶ አሁን አስቡ ሲባሉ ደግሞ ድቡ ቀድሞ አታስቡ ካልተባሉት ተማሪዎች ይልቅ በብዛት መጣባቸው። የሚባረረው ሐሳብ መባረሩን የሚቆጣጠር ዘበኛ ይፈልጋል፤ ዘበኛው ደግሞ ሁልጊዜ ስለዚያው ሐሳብ ይጠይቃል።

በበጎ መተካትም እንዲሁ። በ2009 ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ በካናዳ ባወጡት ጥናት ሰዎች ደወል በሰሙ ቁጥር የምወደድ ሰው ነኝ እያሉ ለራሳቸው እንዲደግሙ ተደረገ። ስለ ራሳቸው መልካም ግምት የነበራቸው ትንሽ ተጠቀሙ። ግምታቸው ዝቅተኛ የሆነው፣ ማለትም ምክሩ የታሰበላቸው ሰዎች፣ ካልደገሙት ይልቅ የከፋ ስሜት ተሰማቸው። ምክንያቱን የቤክ ታካሚ ሊነግረን ይችላል። አፉ የምወደድ ሰው ነኝ ሲል ውስጡ ውሸታም ይለዋል። በአፍ የሚነገረው በጎ ሲሆን የውስጡ ወሬ ይቆማል ያለው ማን ነው?

ዘና ማለት ግን የራሱ ታሪክ አለው፤ ከሁለቱ የተሻለም ነው፤ በትክክል ከተያዘ። አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን በ1908 በሃርቫርድ የጀመረውን ምርምር በ1929 በመጽሐፍ አሳተመ። ዘዴው ዛሬ በየሕክምና ቦታው ይሰጣል፦ የአንድ ክንድን ጡንቻ ማጥበቅ፣ ከዚያ መልቀቅ፤ ቀጥሎ ሌላውን ክንድ፣ እግርን፣ ትከሻን፣ ግንባርን፣ መንጋጋን። ብዙ ሰው ማጥበቁ የስፖርት ዓይነት ይመስለዋል። የጃኮብሰን ዓላማ ሌላ ነበር። ሰው ጡንቻው መጥበቁን አያውቅም፤ ቀኑን ሙሉ ትከሻውን ጆሮው ሥር ሰቅሎ ይውላል፤ ማታ አንገቴን ያመኛል ይላል። ጥቂት አጥብቆ የጥበቱን ስሜት ሲለይ ነው የሚለቀውን የሚያውቀው። ጃኮብሰን ደጋግሞ ያስተማረው ሌላው ነገር ዘና ለማለት መታገል ራሱ አለመዝናናት መሆኑን ነው። መላላት ሥራ አይደለም፤ ሥራ ማቆም ነው።

የሰውነቱም የሐሳቡም ትምህርት የሚገናኘው እዚህ ይመስለኛል። ያልታወቀ ጡንቻ አይለቀቅም፤ ያልተሰማ ሐሳብም አይለቀቅም። ማስተዋሉ ለመልቀቅ መግቢያ ተደርጎ ይቆጠራል፤ እኔ እንደማየው አብዛኛው ሥራ እሱ ነው።

ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ምን እንደሚሆንም ይታወቃል። ዘና ማለት ሲለማመዱ ጭንቀታቸው የሚብስ ሰዎች አሉ፤ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ ጽፈውበታል። ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል፤ ጫጫታው ሲቀንስ የውስጡ ወሬ ጎልቶ ይሰማል። ወሬው ደግሞ ልምምዱን ራሱን ይዞ ይነሣል፦ ሰው ሁሉ የሚችለውን አልቻልክም፤ ዘና ማለት እንኳ አቃተህ። መልመጃው አዲስ ፈተና ሆኖ ቁጭ ይላል። ለእንዲህ ያለ ሰው ልምምዱን ማቆም ወይም ማስገደድ ሳይሆን ያቺን ዐረፍተ ነገር ያዛት፣ ጻፋት ማለት ይሻላል፤ የምትፈለገው እሷ ናትና ራሷን አጋልጣለች።

የቤክ መንገድ በቁጥር ሲፈተን የመጀመሪያው ትልቅ ዜና በ1977 መጣ። 41 የድባቴ ተመላላሽ ታካሚዎች ተከፍለው አንደኛው ክፍል ለ12 ሳምንት በቤክ የንግግር ሕክምና፣ ሌላው ኢሚፕራሚን በተባለው መድኃኒት ታከሙ። በንግግሩ ከታከሙት 78.9 በመቶ፣ በመድኃኒቱ ከታከሙት 22.7 በመቶ በጉልህ ተሻላቸው ወይም ሙሉ በሙሉ ዳኑ። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ጥንቃቄም ይፈልጋል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የመድኃኒቱ አሰጣጥም በኋላ ተተችቷል። ቀጥለው የመጡ ትልልቅ ጥናቶች ልዩነቱን አጥብበውታል። ዛሬ የሚባለው ሁለቱም ይሠራሉ፣ ድባቴው ሲከብድ መድኃኒት ቸል አይባልም ነው። መኝታውን ለቆ መነሣት ላቃተው ወይም ሞትን ለሚያስብ ሰው ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶ ሐሳብህን ጻፍ ማለት ግድየለሽነት ነው፤ ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለበት።

ቤክ ለያዘው ሐሳብ መልስ ይፈልግ ነበር፤ ማስረጃ መመዘን፣ መሞገት። ከእሱ በኋላ የመጡት ዚንደል ሲጋል፣ ማርክ ዊሊያምስና ጆን ቲስዴል ግን ሌላ ነገር ጠረጠሩ። ሰውን የሚያድነው ሐሳቡን ረትቶ መውጣቱ ሳይሆን፣ ለመርታት ሲል ሐሳቡን ከራሱ ፈንጠር አድርጎ ማየቱ ቢሆንስ? ይህ ሐሳብ ነው፣ እኔ አይደለሁም፣ እውነታም ላይሆን ይችላል ማለቱ? ይህን ይዘው በስምንት ሳምንት የሚሰጥ የአስተውሎት ሥልጠና አዘጋጁ። ከትንፋሽና ከሰውነት ይጀምራል፤ ሐሳብ ሲመጣ ሐሳብ መጣ ብሎ አይቶ ወደ ትንፋሽ መመለስ ነው፤ ክርክር የለም። በ2000 ባወጡት ጥናት በቶሮንቶ፣ በካምብሪጅና በባንጎር 145 ከድባቴ ያገገሙ ሰዎች ተሳተፉ። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ድባቴ ከተመላለሰባቸው መካከል በተለመደው ክትትል ብቻ የቆዩት 66 በመቶ አገረሸባቸው፤ ሥልጠናውን ከወሰዱት 37 በመቶ። ሁለት ጊዜ ብቻ ለታመሙት ግን ልዩነት አላመጣም።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? ለፊላዴልፊያው ሰው ዓይነት ጉዳይ እኔ ቤክን እመርጣለሁ። አይወደኝም የሚል ሐሳብ ያለው ሰው ሐኪሙ ፊቱ ተቀምጧል፤ ሊጠይቀው ይችላል። ተጠይቆ መልስ ሊያገኝ የሚችልን ነገር እንደ ደመና ይለፍ ብሎ ማየት ስንፍና ሊሆን ይችላል። አንዴ ተጠይቆ፣ ተመልሶ፣ እንደገና በሳምንቱ ያው ሐሳብ በዚያው ቃል ሲመጣ ግን ሁለተኛ ክርክር አያስፈልገውም። ያን ጊዜ መጣህ ብሎ መተው ይቻላል፤ መልሱ ታውቋልና።

በእኛ አገር ይህን ትምህርት የሚሰማ አማኝ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። ራስን መውቀስ መልካም አይደለምን? ኃጢአተኛ ነኝ ማለት ጸሎት ነው። ልዩነቱ የሚታየው በመጨረሻው ላይ ነው። ንስሐ የሚገባ ሰው ምን እንዳደረገ ለንስሐ አባቱ ለይቶ ይናገራል፤ ቀኖና ይቀበላል፤ ጾሙን ጾሞ፣ ስግደቱን ሰግዶ ሲጨርስ ይፈታል። ነገሩ ስም አለው፣ መጠን አለው፣ ማብቂያ አለው። የፊላዴልፊያው ሰው የውስጥ ወቀሳ ግን ምን አደረግህ ሳይል ምንህ መጥፎ ነው ይላል፤ ቀኖና አይሰጥም፤ ስለዚህም አይፈታም። ነገም ያው ነው።

ለአገራችን ሐኪሞችና አማካሪዎች ከጉዳዩ የሚወሰደው ደግሞ የተለየ ችግር አለው። የቤክ ታካሚ ቢያንስ ተቆጥቶ ነበር፤ ቁጣው መግቢያ ቀዳዳ ሆነ። እዚህ ሐኪምን ፊት ለፊት የሚነቅፍ ታካሚ ስንት አለ? እሺ ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር ይላል፤ ተነሥቶ እጅ ነሥቶ ይወጣል። ከእሺታው ሥር ግን ጊዜያቸውን አባከንኩ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩባቸው፣ ምን ዓይነት ሰው ነው ይሉኛል የሚል ሌላ ወሬ ሊሄድ ይችላል፤ ለሁለተኛው ቀጠሮ የማይመጣውም በዚሁ ይሆናል። ቤክ ያስፋፋው ሕክምና በየቀጠሮው መጨረሻ ታካሚውን ዛሬ ያስከፋህ ወይም ያልተስማማህ ነገር ነበር ብሎ የመጠየቅ ልማድ አለው። በቀጥታ ቢጠየቅ የእኛ ሰው በጭራሽ ብሎ ይምላል። ሌላ ሰው በእርስዎ ቦታ ተቀምጦ ቢሆን፣ ሲወጣ በሆዱ ምን እያለ የሚወጣ ይመስልዎታል ብሎ ዞር አድርጎ መጠየቅ ግን ይቻላል። ስለ ሌላ ሰው ሲሆን አፍ ይፈታል፤ ያ ሌላ ሰው ማን እንደሆነም ሁለቱም ያውቃሉ።